ሰማንያ ስድስት ግራም ተኩል

ደብረ ማርቆስ፣ ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለየኔአለም፣ ፖላንድ አገር፤

እንዴት ከርመሻል? ብርዱ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጥምቀትን በሰላም ውለን፣ አስተርእዮ ማርያምንም አንግሠን ገብተናል። አያትሽና አባቴ የወንድማማች ልጆች ሆነው ሳለ አንቺን ያየሁሽ ሁለቴ ብቻ ነው፤ ግን ዝምድና በመተያየት ብዛት አይለካምና ከልጆቼ ለይቼ አላስብሽም።

ነገሬ ምን መሰለሽ፤ ሠራሁት። አምና አንቺ የምትሠሪበት ማእከል በላከልኝ ሚዛንና ዕቃ፣ ትምህርት ቤቱ ባዋሰኝ በዚያች ጠባብ ክፍል። ከደጀን እስከዚህ አውቶቡሱ ሁሉ በመስኮት የሚወረውረውን ሃይላንድ አስለቅሜ፣ አሳጥቤ፣ እንደ ጎመን አስከትፌ፣ በኮስቲክ ሶዳ ቀቀልኩት። አጣርቼ አሲድ ጠብ ሳደርግበት ነጩ ዱቄት ቁልቁል ወረደ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ኬሚስትሪን በጠመኔ አስተምሬያለሁ፤ በእጄ ስሠራው ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ እንባዬ መጣ ብልሽ አታምኚኝም።

ከመቶ ግራም ሃይላንድ ዘጠና ሦስት ግራም ቴሬፍታሊክ አሲድ፣ ያ ፕላስቲኩ መልሶ የሚሠራበት ዱቄት፣ ወጣ። አምስት ጊዜ ደጋግሜ ሠርቼ አንድም ጊዜ ከዘጠና ሁለት አልወረደም። የመዝገቡን ገጾች አያይዣለሁ።

ማእከላችሁ በሰኔ መጨረሻ ከሦስት አገር ላቦራቶሪዎች አንዱን መርጦ ለሦስት ዓመት አብሮት እንደሚሠራ ነግረሽኛል። ከተመረጥን ክፍሏ የእኛ ናት። ካልተመረጥን ርእሰ መምህሩ ለሐምሌ የወንበር ስባሪ ሊያከማችባት ቁልፉን ይፈልጋል፤ ፊት ለፊት ነግሮኛል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ተነሥቼ የምሄድበት ቦታ ይህች ክፍል ብቻ ናት። ስለዚህ ቁጥሩን ፈርመሽ አስገቢልኝ፤ ያለ አንቺ ፊርማ እንደማይቀበሉ አውቃለሁ።

ደብዳቤውን ሹፌሩ ሙሉቀን አዲስ አበባ ያደርሳል፤ እኅትሽ እየሩስ ፎቶ አንሥታ ትልክልሻለች፤ መልስሽንም አትማ ለሱ ትስጠው። በስልክ እንነጋገር አትበይኝ። ኢንተርኔቱ የለም፣ ስልኩ ይቆራረጣል፤ ደግሞም ወረቀት ምስክር ነው።

ያገርሽ ታቦት ከባዕድ አገር ክፉ ይጋርድሽ።

ጋሼ መሳፍንት


ፖዝናን፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ መሳፍንት፤

ጤናዎ እንደምን ነው? ቤተ ሰቡ ሁሉ ደኅና ነው? እኔ በእናንተ ጸሎት ደኅና ነኝ። በረዶው ሳይለቅ ሁለተኛው ወር ሊሞላ ነው።

ደብዳቤዎን ሳነብ በጣም ደስ አለኝ። ሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ግን እርሳስና ወረቀት አነሣሁ። ጋሼ፣ እርስዎን ኬሚስትሪ ላስተምር አልቃጣም፤ ስሌቱን የምጽፈው አብረን እንድናየው ብቻ ነው። ፕላስቲኩ ሰንሰለት ነው፤ አንዱ ቀለበት 192 ይመዝናል። ሰንሰለቱ ሲበጠስ ከእያንዳንዱ ቀለበት አንድ አሲድ ይወጣል፤ የዚህ ክብደት 166 ነው። 166ን ለ192 አካፍለን በመቶ ስናባዛው 86.5 ይሆናል። ቲዎሬቲካል ዪልዱ ይኸው ነው። አንዲት ቅንጣት ባትባክን እንኳ መቶ ግራም ሃይላንድ ከሰማንያ ስድስት ግራም ተኩል በላይ አሲድ ሊሰጥ አይችልም። ሥራ ላይ ደግሞ የማይባክን የለም፤ እኛ እዚህ ባለን ዕቃ ሁሉ ሰማንያ ካገኘን እንደሰታለን።

እርስዎ ዘጠና ሦስት አግኝተዋል።

ምናልባት ዱቄቱ በደንብ አልደረቀ ይሆናል፤ ወይም ጨው ተቀላቅሎበት ይሆናል። እባክዎ እንደገና በንጹሕ ውሃ አጥበው ቢያደርቁትና ቢመዝኑት? ትንሽ ናሙናም ለእየሩስ ቢልኩልኝ ወደዚህ የምትመጣ ጓደኛ አለችኝ። ፊርማዬን እስከዚያ አቆይቼዋለሁ። እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመው።

የኔአለም


ደብረ ማርቆስ፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለየኔአለም፤

እንደምን አለሽ? ጾሙን እንዴት ይዘሽዋል? እኛ በጎመንና በሽሮ እየታገልን ነው፤ ለነፍስ ነውና አይከፋም።

እንዳልሽው አድርጌያለሁ። ዱቄቱን አራት ጊዜ አጠብኩት። በምድጃው ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ አደረቅሁት፤ መብራት ሲጠፋ ፀሐይ ላይ አወጣሁት፣ ሲመጣ መለስኩት። ዘጠና ሁለት ነጥብ ስምንት ግራም ሆነ። ውሃ ቢሆን ኖሮ ሦስት ቀን ሙሉ የት ይደበቅ ነበር?

አሁን እኔም ልጠይቅሽ። ከመቶው ግራም አሲዱ ሰማንያ ስድስት ተኩል ነው አልሽ። ከዚያው መቶ ግራም ደግሞ ሠላሳ ሁለት ግራም ያህል ግላይኮል ወጥቶ ፈሳሹ ውስጥ ይቀራል። ደምሪው፤ መቶ አሥራ ስምንት ከምናምን ይሆናል። መቶ ገብቶ መቶ አሥራ ስምንት ሲወጣ ዝም ትያለሽ፤ እኔ ስድስት ግራም ተኩል ስጨምር ዳኛ ትሆኛለሽ! ቀለበቱ ሲበጠስ ውሃ እየጠጣ እንደሚበጠስ፣ ትርፉም የውሃው እንደ ሆነ አውቃለሁ። ላሾፍብሽ ብዬ ነው። ግን ሹፈት ብቻ አይደለም። ባለዲግሪው ሁሉ የገዛ ስሌቱ ትርፍ ሲያመጣ ምክንያት አያጣለትም፤ የገጠር ሰው ትርፍ ሲያመጣ ነው ወንጀል የሚሆነው።

ደግሞም ውሃን ምን ያናግረዋል ቢሉ ድንጋይ ይባላል። ይህን ጥርጣሬ ያመነጨሽው አንቺ ነሽ ወይስ አለቆችሽ? የኔ ዘመድ እንዲህ አትናገርም ብዬ ነው።

ናሙናውን በትንሽ ብልቃጥ ልኬልሻለሁ። እየሩስን ደግሞ ፊደሉን አተልቃ እንድታትም ንገሪያት፤ ማተሚያዋ ቀለም የሚቆጥብ ይመስላል።

በጸሎትሽ አስቢኝ።

ጋሼ መሳፍንት


ፖዝናን፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ መሳፍንት፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎት። መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ናሙናው እስኪመጣና እስኪመረመር ስጠብቅ ነበር።

ተመርምሯል። ውሃ የለበትም፣ ጨው የለበትም፤ ዘጠና ዘጠኝ ከመቶ ንጹሕ አሲድ ነው። ይህ ሊያስደስተኝ ይገባ ነበር፤ ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ቆሻሻ ቢኖርበት ምክንያቱን አገኘነው ብዬ በተገላገልኩ። ንጹሕ ከሆነ ከዚያ መቶ ግራም ብቻ አልወጣም ማለት ነው። ከሌላ ቦታ የገባ ነገር አለ።

የላቦራቶሪያችን ኃላፊ ያለችኝን እንዳለ እነግርዎታለሁ፤ መደበቁ አይጠቅምም። አምና ለማመሳከሪያ የላክንላችሁ ግማሽ ኪሎ ንጹሕ አሲድ ነበር። ከሱ አሁን ስንት ቀርቷል? ብላ ጠየቀችኝ። እኔ አላውቅም አልኳት።

ሌላም ነገር አለ። በመዝገቡ ገጾች ላይ ያሉት ቁጥሮች ቀጥ ብለው፣ ክብ ክብ ብለው የተጻፉ ናቸው። የእርስዎ ደብዳቤዎች ግን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መስመሩ እርስ በርሱ ይወጣጣል። ሁለቱ የአንድ ሰው እጅ አይመስሉኝም። ጋሼ፣ የሚመዝነው ማን ነው? አሲዱስ ስንት ቀረ? እነዚህን ሁለቱን ብቻ ይመልሱልኝ። የመጨረሻው ቀን ሰኔ 30 ነው፤ እስከዚያ ቁጥሩ ካልጠራ መፈረም አልችልም።

በአክብሮት፣
የኔአለም


ደብረ ማርቆስ፣ ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየኔአለም፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን።

የሚመዝነው ማን ነው ብለሽ ጠይቀሻል። የሚመዝነው ሚዛኑ ነው። የላካችሁት እናንተ ናችሁ፤ ካላመናችሁት ውሰዱት።

አሲዱ ስንት ቀረ ላልሽው መጥተሽ ቁጠሪው። በዚህ ከተማ ከእጄ የተማረ ስንት ሐኪም፣ ስንት መሐንዲስ አለ፤ አንዱም መሳፍንት ፈተና ሲያርም ግማሽ ማርክ አዛብቶብኛል አይልም። በስድሳ ሰባት ዓመቴ የዘመዴ ልጅ ሌባ ነህ ወይ ብላ ትጠይቀኝ? ስድብ ለመድኃኒት አይሆንም።

ይሁን እንጂ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና እኔም ዙሪያዬን ማየት ጀምሬያለሁ። ጠርሙስ የምታጥብልኝ ጥላነሽ የምትባል ሴት አለች። ቀድሞ በቁይ ከተማ ገበያ እህል ነጋዴ ነበረች፤ ባሏ ሲሞት ነው ወደዚህ የመጣችው። ከክፍሏ የምትገባና የምትወጣ ሌላ ሰው የለም። ሥራው እንዲያምርልኝ ብላ፣ ወይም ቁጥሩ ካነሰ እንጀራዬ ይቋረጣል ብላ ፈርታ፣ ከዚያ ከንጹሑ አሲድ ቆንጠር ታደርግ እንደ ሆነ እንጃ። ዝም ያለች ሴት ናት፤ ዝም ያለ ሰው ደግሞ አይታወቅም። ከሰኞ ጀምሮ እንዳትመጣ ነግሬያታለሁ። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። አለመጠየቋ ራሱ ሌላ ጥርጣሬ ሆኖብኛል።

አሁን ብቻዬን ነኝ። ሥራውን እንደገና ከመጀመሪያው እሠራዋለሁ፤ ቁጥሩንም ታያለሽ።

መሳፍንት


ፖዝናን፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ መሳፍንት፤

እንደምን ሰነበቱ?

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። እንደገና እሠራዋለሁ ብለው ነበር፤ እስካሁን አንድም ቁጥር አልደረሰኝም። አራት ቀን ተከታታይ ደወልኩ፤ ስልክዎ ጥሪ አይቀበልም።

በግልጽ ልጻፍልዎት። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ሚዛኑ፣ ስለ ክብርዎ፣ ስለ አንዲት የማላውቃት ሴት ጽፈዋል፤ የጠየቅኋቸው ሁለት ነገሮች ግን መልስ የላቸውም። ሰው መልሱ የማይጎዳው ከሆነ ይመልሳል። ያቺ ሴት ከሄደች በኋላ ቁጥሮቹም አብረው ጠፉ። እኔ ምን ብዬ ላስብ?

ማእከሉ እኔን ነው የሚጠይቀው። ዘመዴ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ብፈርም፣ ነገ ሌላ ሰው ሠርቶት ሰማንያ ቢያገኝ የምጠየቀው እኔ ነኝ፤ ከኔ በኋላ ከኢትዮጵያ የሚመጣ ልጅም በኔ ይለካል። እስከ ሰኔ 25 እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ የማውቀውን ሳይሆን የመሰለኝን ለመጻፍ እገደዳለሁ።

እባክዎ ጋሼ፣ የሚመዝነው ማን ነው?

የኔአለም


ደብረ ማርቆስ፣ ሰኔ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለየኔአለም፤

ሰላምሽ ይብዛ። ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። ሙሉቀን ዛሬ ከሰዓት ይነሣልና ሳልዘገይ እመልሳለሁ። መስመሬ ቢዛነፍ እንዳትታዘቢኝ፤ ምክንያቱን አሁን ትሰሚዋለሽ።

ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል፤ ግራው ከጠፋ ዓመት አልፎታል፣ ቀኙም እየተከተለ ነው። ትልቅ ነገር አያለሁ፣ ሰው እለያለሁ፣ የአንቺንም ደብዳቤ ፀሐይ ላይ ወጥቼ በማጉያ መነጽር እለቅማለሁ። የሚዛኑን ቁጥር ግን ማየት አልችልም። ስምንቱ ዜሮ ይሆንብኛል፣ ሦስቱ ስምንት ይሆንብኛል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ርእሰ መምህሩ ቢሰማ ዕውር ሽማግሌ አሲድ ይዞ ምን ይሠራል ብሎ ክፍሏን በማግስቱ ይቀማኛል። አንቺም ብትሰሚ ትተዪኛለሽ ብዬ ፈራሁ። የሚመዝነው ማን ነው ስትይኝ የተቆጣሁት ለዚህ ነው።

የምትመዝነው ጥላነሽ ናት። መዝገቡንም የምትሞላው እሷ ናት። ጠርሙስ አጣቢ ያልኩሽ ውሸቴን ነው።

ካባረርኳት በኋላ አንድ ወር ያህል ብቻዬን ተቀመጥኩ። አንድ ቀን እንኳ መቶ ግራም መዝኜ ማስቀመጥ አልቻልኩም። ባለፈው ሐሙስ ቤቷ ሄድኩና ነይ ሥራ አለ አልኳት። ይቅርታ ልጠይቃት እንዳይመስልሽ፤ ልይዛት ነበር። ክፍሏ ስንደርስ የንጹሑን አሲድ ዕቃ ከመደርደሪያ አውርጄ ጭኔ ላይ አስቀምጬ በሁለት እጄ አቀፍኩት። ማሸጊያውን ስዳስሰው እናንተ እንዳሸጋችሁት ነው፤ አልተከፈተም። ያን ጊዜ ማፈር ነበረብኝ፤ እኔ ግን ሌላ መንገድ አላት ማለት ነው ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ።

ሃይላንዱን መመዘን ጀመረች። ቁርጥራጩ ሳህኑ ላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ ከዚያ ዝም አለና «መቶ» ብላ ጠራች። መዝገቡ ላይም ስትጽፍ እርሳሱን ሰማሁት። ቀጥሎ ሿ የሚል ነገር ወደ መቀቀያው ወረደ፤ መቶው ነው። ከዚያ ደግሞ ሌላ ትንሽ ሿ።

«ይህ ሁለተኛው ምንድን ነው?» አልኳት።

«ምርቃቱ ነዋ» አለችኝ፤ እንዲያውም ጥያቄው ገረማት። «ሃያ ሰባት ዓመት ቁይ ገበያ ስሰፍር ልክ ቆርጬ የሰጠሁት ሰው የለም። ለመምህር ልሰስት ነው?»

ልጄ፣ አንቺ ከወጣሽ ቆይተሻልና ረስተሽው ከሆነ፣ እዚህ እህል ሰፍሮ ያለ ምርቃት መስጠት ነውር ነው። ቁናው ከሞላና ከተቆጠረ በኋላ ነጋዴዋ በእፍኟ አንሥታ ከላይ ትጨምራለች፤ ያ አይቆጠርም፣ አይጻፍም። ጥላነሽም መቶውን ጽፋ እፍኙን ስትጨምር ኖራለች። ዱቄቱን ስትመዝን ግን አትጨምርም። ያ መቀበል ነው፤ ተቀባይ ለራሱ አይመርቅም። ለሶዳውም መርቃለታለች፤ ሶዳው ድሮም ከሚያስፈልገው በላይ ስለሆነ ነው የተጨመረውን ሃይላንድ ሁሉ አብሮ የበላው።

እፍኟን ሚዛን ላይ እንድታደርግልኝ ለመንኳት። አምስት ጊዜ አስደረግኋት፤ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሁለት ግራም። የነጋዴ እጅ እንዲህ ነው። እንግዲህ የገባው መቶ ሳይሆን መቶ አሥራ ሁለት ነው። አስዪው፤ መቶ አሥራ ሁለት በሰማንያ ስድስት ተኩል ስሌት ዘጠና ስድስት ነጥብ ስምንት ግራም ይሰጣል። እኛ ዘጠና ሦስት አገኘን፤ ሊገኝ ከሚችለው ዘጠና ስድስት ከመቶ መሆኑ ነው። ከጣሪያው በታች ነን፤ ግን ጣሪያውን ልንነካ ትንሽ ነው የቀረን። እናንተ በሰማንያ ግራም የምትደሰቱበትን ሥራ ነው የምልሽ።

ያለ ምርቃት፣ መቶውን ብቻ ይዘን ዛሬ ጠዋት ሠርተን የጨረስነው ሰማንያ ሦስት ግራም ወጥቷል። አዲሱ ገጽ አብሮ አለ። ጥላነሽ ግን እጄን ያዛችሁብኝ ብላ አኩርፋለች።

ፈርሚልኝ፤ አሁን የምትፈርሚው እውነት ላይ ነው።

ጋሼ መሳፍንት


ፖዝናን፣ ሐምሌ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ መሳፍንት፤

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ትናንት ነው። እየሩስ እንደነገረችኝ የዓባይ በረሃ መንገድ በናዳ ተዘግቶ ሙሉቀን መኪናውን ደጀን አቁሞ አሥራ ስምንት ቀን ሰንብቷል፤ ደብዳቤው ኪሱ ውስጥ ነበር።

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። እስከ ሰኔ 25 ጠበቅሁ። በ26 የማእከሉን ቅጽ ሞላሁ። ቅጹ ውስጥ ሥራውን የሠራውን ሰው ታምኚዋለሽ ወይ የሚል አንድ ጥያቄ አለ። አላምነውም አልኩ። ምክንያት ጻፊ ይላል፤ ቁጥሩ ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስለኛል ብዬ ጻፍኩ። በእጄ ጻፍኩት፣ ፈረምኩበት። በሰኔ 30 ማእከሉ ሌላውን አገር መረጠ።

ዛሬ ጠዋት ደብዳቤዎን ተርጉሜ ለኃላፊዬ አነበብኩላት። ስለ እፍኙ ስትሰማ ሳቀች፤ ስሌቱን ስታይ ሳቋን አቆመች። ከሦስቱ ላቦራቶሪዎች ይህን ያህል ያገኘ እንደሌለ ነገረችኝ። ውሳኔው ግን ተፈርሞ ወጥቷል፣ ገንዘቡም ተመድቧል፤ አይመለስም አለች።

ቁጥሩን መጠራጠሬ ሥራዬ ነበር፤ በሱ አላፍርም። ከቁጥሩ አልፌ ወደ እርስዎ መሄዴን ነው ያፈርኩበት። በእርስዎ ቦታ የማላውቀው ሰው ቢሆን ኖሮ እንዲያ ብዬ እንደማልጽፍ አውቃለሁ። ዘመዴ ስለሆኑ፣ አድልታለች እንዳልባል ፈርቼ፣ ከሚገባው በላይ ከፋሁብዎት።

ይቅር ይበሉኝ። ለክፍሏ ማድረግ የምችለው ነገር ካለ ይንገሩኝ።

የኔአለም


ደብረ ማርቆስ፣ ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለየኔአለም፤

ፍልሰታን በሰላም ፈትተናል፤ አንቺም ፈትተሽ እንደሆነ ተስፋዬ ነው። ይህን የምትጽፍልኝ ወንጌላዊት የምትባል ጎረቤቴ ናት፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ከእንግዲህ ዓይኔን ከማንም አልደብቅም። በጥቅምት ሐኪም ያየዋል።

ክፍሏን አስረክቤያለሁ። ርእሰ መምህሩ ቁልፉን ሲቀበለኝ በጥሩ ቃል ነው፤ አልተጨቃጨቅንም። ወንበሮቹ በማግስቱ ገቡ። ሚዛኑንና የታሸገውን አሲድ በሙሉቀን እጅ ለእየሩስ ልኬያለሁ፤ የእናንተ ነውና ተረከቡ።

ይቅር በይኝ ስላልሽው ይቅር ብዬሻለሁ፤ እግዚአብሔርም ይቅር ይበልሽ። ቅሬታ የለኝም ብል ግን እዋሻለሁ። ስለ ውሃው ጠየቅሽኝ፣ ስለ ጨዉ ጠየቅሽኝ፣ ስለ አሲዱ ጠየቅሽኝ። መስመሬ መዛነፉን አይተሽ ጻፍሽልኝ፤ ሰውየው ምን ነካው ብለሽ ግን አልጠየቅሽም። እኔም ከአንቺ አልሻልም። ለጥላነሽ ያደረግሁት አንቺ ለኔ ካደረግሽው ይከፋል፤ አንቺ ቢያንስ ምክንያቱን ጽፈሽልኛል።

ለክፍሏ ምን ላድርግ ብለሻል። ለክፍሏ የሚደረግ ነገር የለም። አላምነውም ብለሽ በጻፍሽበት ወረቀት ግርጌ ግን አንድ መስመር ጨምሪልኝ። ሃይላንዱን የመዘነችው ጥላነሽ ናት፣ ቁጥሯም እውነት ነበር በይ። ማንም ባያነበው እንኳ እዚያ ይኑር።

ይቅርታ ልጠይቃት በፍልሰታ ማግስት ቤቷ ሄጄ ነበር። ያሰብኩባትን ሁሉ፣ አሲዱን ጭኔ ላይ ለምን እንዳቀፍኩት ሳይቀር ነገርኳት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። ከዚያ ትልቁን ምሥጢሬን የምገልጽላት መስሎኝ የዓይኔን ነገር አነሣሁባት።

«እሱን እኮ ከመጀመሪያው ቀን አውቀዋለሁ» አለችኝ። «ቁጥሩን ጮክ ብዬ የምጠራልዎት ለምን ይመስልዎታል?»

ቆቤን አንሥቼ ወጣሁ።

ፈጣሪ የምትሠሪውን ይባርክልሽ።

ጋሼ መሳፍንት